ባለሜዳው ያለ ሜዳ

ዋሊያዎቹ፣ የኢትዮጵያ ወንዶች ብሔራዊ ቡድን፣ «የሜዳቸው» የተባለውን የማጣሪያ ጨዋታ ከጆሃንስበርግ እስከ ኪንሻሳ ሲያዞሩ ከርመዋል። ለመሆኑ ሜዳ የሚመረጠው እንዴት ነው? ምርጫው ከእጃችን የወጣውስ በምን ምክንያት ነው?

ኦሞ ዳር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ

ከቱርሚ ተነስቶ ወደ ኦሞ የሚወርደው የአቧራ መንገድ ግራርና ቁጥቋጦ እየሰነጠቀ ሄዶ ዱስ ላይ ያበቃል። ዱስ የካራ ሕዝብ መንደር ናት። ወንዙ ከሥሯ ጠምዘዝ ብሎ ያልፋል፤ ማዶው የኛንጋቶም አገር ነው። ቀን ላይ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ ስለሚያባርር ኳስ የሚጀመረው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

እዚህ ሜዳ መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የወንዙ ዳር ደለል ከሁሉም የለሰለሰ መሬት ነው፤ ቢወድቁበት አያቆስልም። ደለሉ ግን የማሽላ ነው። የካራ ገበሬ ቀለቡን የሚያወጣው ከዚያ በመሆኑ ቡቃያ ላይ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ ማታ ከአባቱ ጋር ይጣላል። ስለዚህ ልጆቹ ወደ ደረቁ መሬት ይወጣሉ። እሾኽ ይለቅማሉ፣ ጠጠር ይጠርጋሉ፣ ለግብ ሁለት ሁለት እንጨት ይተክላሉ። ኳሱ አንዳንዴ የተገዛ፣ አንዳንዴ ከጨርቅና ከላስቲክ የተጠቀለለ ነው። ሽማግሌዎቹ ዳር ላይ ቦርኮቷቸውን አስቀምጠው ያያሉ፤ ቦርኮቶ ቀን መቀመጫ፣ ማታ ትራስ የሚሆን፣ እያንዳንዱ ወንድ ከእጁ የማይለየው ትንሽ እንጨት ነው።

ከሌሎቹ የካራ መንደሮች፣ ከላቡክ ወይም ከኮርቾ፣ የመጡ ልጆች ሲኖሩ ክርክሩ ይበዛል። ስንት ለስንት እንግባ? ዳኛው ማን ይሁን? ፀሐይዋን ፊት ለፊት የሚጋፈጠውስ ማን ነው? በአንድ ነገር ላይ ግን ማንም አይከራከርም፤ ሜዳውን የሚመርጠው ባለቤቱ ነው። እንግዳ የተባለበት መጥቶ ይጫወታል።

«እኛ ኮርቾ ስንሄድ እነሱ ያሉት ቦታ እንጫወታለን፤ እነሱ ሲመጡ እኛ ያልነው ቦታ ይጫወታሉ» ይላል ጂንካ ተምሮ ለእረፍት የተመለሰ አንድ ወጣት። «ሬዲዮው ‹ኢትዮጵያ በሜዳዋ› ሲል ግን ጨዋታው ታንዛንያ ነው። ይሄ ነገር አልገባኝም።»

ያልገባው እሱ ብቻ አይደለም። የዓለምና የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የቆመው የዱስ ልጆች በሚያውቁት ሕግ ላይ ነው፤ አንዴ አንተ ዘንድ፣ አንዴ እኔ ዘንድ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ በነበሩት ዓመታት የዚህን ሕግ ግማሹን አጥቶ ቆይቷል።

ከባሕር ዳር በኋላ የመጣው መንገድ

ነገሩ የተሰበረበትን ቀን መጥቀስ ይቻላል። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም ኢትዮጵያ በባሕር ዳር ስታዲየም በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን አስተናግዳ 3 ለ 1 ተሸነፈች። ከአንድ ወር በኋላ፣ ኅዳር 2፣ ጋናን የተቀበለችው ባሕር ዳር ላይ ሳይሆን ጆሃንስበርግ በሚገኘው ኦርላንዶ ስታዲየም ነበር። ባሕር ዳር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) መስፈርት አላሟላም ተብሎ ነበር፤ አዲስ አበባ ስታዲየም ደግሞ ቀድሞም ከተፈቀዱት ሜዳዎች ዝርዝር ወጥቷል። በአገር ውስጥ ሌላ የተፈቀደ ሜዳ አልነበረም። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ።

በዚያው ዓመት ጉዳዩ ይበልጥ ግራ የሚያጋባ ሆነ። ግንቦት 2014 መጨረሻ ላይ ዋሊያዎቹ ሊሎንግዌ ሄደው በቢንጉ ስታዲየም ከማላዊ ጋር ተጫውተው 2 ለ 1 ተሸነፉ፤ ያ «ከሜዳ ውጪ» ነበር። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 2፣ በዚያው ሣር ላይ ግብፅን አስተናገዱ፤ ይህኛው «በሜዳ» ተባለ። መሐመድ ሳላህ ያልነበረበትን የግብፅ ቡድን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፉ። የዘመኑ ትልቁ የሜዳ ድላችን የተገኘው በማላዊ ዋና ከተማ ነው። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ወጥቶ የጨፈረ ቢኖርም ግቦቹን ስታዲየም ገብቶ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ሞሮኮ መጣች። ጊኒን እዚያ፣ ቡርኪና ፋሶን እዚያ፣ መጋቢት 2017 ላይ ደግሞ ግብፅን ካዛብላንካ ላይ አስተናገድን። በመካከሉ ለእ.ኤ.አ 2025 የአፍሪካ ዋንጫ የተደረገው ማጣሪያ አለ። እሱን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2016 ዓ.ም ዲሞክራቲክ ኮንጎን ዳሬ ሰላም ላይ አስተናግደን 2 ለ 0 ተሸነፍን። ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም ጊኒን አቢጃን ላይ አስተናግደን 3 ለ 0 ተሸነፍን፤ ከሦስት ቀን በፊት በዚያው ከተማ «እንግዳ» ሆነን 4 ለ 1 ተሸንፈን ነበር። ኅዳር 7 ታንዛንያን ኪንሻሳ ላይ ተቀብለን 2 ለ 0 ተሸነፍን። ልብ ይበሉ፦ ኮንጎን በታንዛንያ ከተማ፣ ታንዛንያን በኮንጎ ከተማ ነው ያስተናገድነው።

«ሦስት የሜዳ ጨዋታ፣ ዜሮ ነጥብ፣ ዜሮ ግብ። የተገኙት አራት ነጥቦች በሙሉ ከሜዳ ውጪ የመጡ ናቸው።»

በዚያ ማጣሪያ ነጥብ የተገኘው ከታንዛንያ ጋር ዳሬ ሰላም ላይ 0 ለ 0 በመለያየትና ኪንሻሳ ላይ ኮንጎን 2 ለ 1 በመርታት ነው። ቡድኑ እንግዳ ሲሆን ይሻለው ነበር ማለት ይቻላል። በወረቀት ላይ ባለሜዳ ሲሆን ግን የሜዳም የደጋፊም ጥቅም አልነበረውም።

ይህን ከቀደመው ማጣሪያ ጋር ያስተያዩት። ካሜሩን ላይ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበት ምድብ ውስጥ ኮትዲቯር፣ ማዳጋስካርና ኒጀር ነበሩ። ኅዳር 2012 ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፍን። ቀጥሎ አዲስ አበባ ላይ ኒጀርን 3 ለ 0፣ መጋቢት 2013 ባሕር ዳር ላይ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረታን። ከሜዳ ውጪ የተደረጉትን ሦስቱንም ጨዋታዎች ተሸነፍን። ዘጠኝ ነጥብ ይዘን፣ ማዳጋስካርን በአንድ ነጥብ በልጠን አለፍን፤ ዘጠኙም የመጡት ከአገር ውስጥ ሜዳ ነው።

የተጋጣሚዎቹ አቅም እንደሚለያይ፣ የቡድናችንም አቋም ወጣ ገባ እንደነበር አይካድም። ሁሉንም ሽንፈት በሜዳ ማሳበብ ለአሠልጣኝም ለተጫዋችም ጥሩ መሸሸጊያ ይሆናል። ሆኖም ከዘጠኝ ዘጠኝ እና ከዘጠኝ ዜሮ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

ካታንጋና ሚስማር ተራ

ለብዙ አሥርት ዓመታት «ብሔራዊ ቡድኑ የት ይጫወት?» የሚል ጥያቄ አልነበረም። አዲስ አበባ ስታዲየም ነበረ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን የወሰደችው እዚያ ነው፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። አገሪቱ ውድድሩን ሁለት ጊዜ ደግማ አዘጋጅታለች፤ እ.ኤ.አ በ1968 በአዲስ አበባና በአሥመራ፣ በ1976 በአዲስ አበባና በድሬዳዋ። ካፍን እ.ኤ.አ በ1957 ካርቱም ላይ ከመሠረቱት አራት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስትሆን፣ ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ 1987 ድርጅቱን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ዛሬ ስታዲየሞቻችንን እየመረመረ የሚጥለው ድርጅት እኛው ያቋቋምነው ነው።

የአዲስ አበባ ስታዲየም ተመልካች ራሱን በመቀመጫው ይጠራል። የካታንጋ ሰው አለ፣ የሚስማር ተራ ሰው አለ፣ የጥላ ፎቅ ሰው አለ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም፣ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣው የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው በእነዚህ ሰዎች ፊት ነው። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ ግቦቹን ሲያስቆጥሩ ስታዲየም ዙሪያ መንገድ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሰኔ 9 ደቡብ አፍሪካ 2 ለ 1 ተሸንፋ ሄደች። ለእነዚያ ጨዋታዎች ትኬት ለማግኘት ከዋዜማው ጀምሮ ተሰልፎ ያደረ ሰው ብዙ ነው።

በየጨዋታው ስታዲየሙ ዙሪያ የሚቆም ሌላም ሰልፍ ነበር። ስካርፍና ማልያ ሻጩ፣ ባንዲራ በፊት ላይ የሚቀባው፣ ቆሎና ሱፍ ያዥዋ፣ መኪና ጠባቂው፣ እንጀራቸው ከሜዳው ጋር የተያያዘ ነበር። ከሜዳው አጠገብ ማልያ ሲሸጥ የኖረ አንድ ነጋዴ የሚለው ይህንን ነው፦ «ቡድኑ ሲሸነፍም እንሸጥ ነበር። ኪንሻሳ ሲጫወት ግን ቢያሸንፍም አንሸጥም።»

ገምጋሚው ምን ያያል?

አብዛኛው ደጋፊ ስታዲየም ታገደ ሲባል ሣሩ ተበላሽቶ ይመስለዋል። ሣሩ አንዱ ነገር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ረጅም ነው። የካፍ ገምጋሚዎች ሲመጡ የሚያዩት በቴሌቪዥን የማናየውን የስታዲየሙን ክፍል ጭምር ነው። መልበሻ ክፍሎቹ ለሁለቱም ቡድን እኩል ናቸው? የሻወሩ ውኃ ይወርዳል? ለዳኞች የተለየ ክፍል አለ? የአበረታች መድኃኒት ምርመራ የሚደረግበት ክፍል ከነመጸዳጃው የት ነው? አምቡላንስ ሜዳው አጠገብ ደርሶ መውጣት ይችላል? ለጋዜጠኞች መግለጫ የሚሰጥበት አዳራሽ፣ ለካሜራ የሚሆን ቦታ፣ መጠባበቂያ ጄኔሬተር ያለው የምሽት መብራት አለ? ተመልካቹ ሲገባ በሥርዓት ይቆጠራል? አደጋ ቢደርስ በሮቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ?

መቀመጫም አለ። የኮንክሪት ደረጃ ላይ ተጠጋግቶ መቀመጥ፣ የሚስማር ተራ ልማድ፣ በአዲሱ መስፈርት አይፈቀድም። እያንዳንዱ ተመልካች ቁጥር ያለው የራሱ ወንበር ሊኖረው ይገባል። የዱስ ሽማግሌ በዚህ በኩል ከአብዛኛው የኢትዮጵያ ስታዲየም ይሻላል፤ ቦርኮቶውን ይዞ ስለሚመጣ የግል መቀመጫ የለህም የሚለው የለም።

ከስታዲየሙ ውጭም ይታያል። ሜዳው ከዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ መራቅ የለበትም። ለሁለት ቡድንና ለጨዋታ አመራሮች የሚሆኑ ደረጃቸውን የጠበቁ ሆቴሎች፣ የመለማመጃ ሜዳና ሆስፒታል በአቅራቢያው ሊኖሩ ይገባል።

ሥራው የሚሄደው እንዲህ ነው። ከየማጣሪያው ዙር በፊት ካፍ የተፈቀዱ ስታዲየሞችን ዝርዝር ያወጣል። የአገሩ ፌዴሬሽን ከዝርዝሩ ውስጥ ያለ ሜዳ ካለው ይመርጣል፤ ከሌለው ሜዳ ያለውን ጎረቤት ይለምናል። የጎረቤቱ ፌዴሬሽን ፈቃድ፣ የስታዲየሙ ኪራይ፣ የጸጥታው ክፍያ፣ የዳኞችና የኮሚሽነሩ መስተንግዶ ሁሉ የሚሸፈነው በ«ባለሜዳው» ነው። የትኬት ገቢው ደግሞ በባዶ ወንበር ይቀራል። ሜዳ ያጣ አገር ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ለአውሮፕላንና ለሆቴል ያወጣል፣ ከበር ሊሰበስብ የሚችለውንም ያጣል።

«ዕጣ ሲወጣ ሌሎቹ የሚያጠኑት ተጋጣሚያቸውን ነው» ይላሉ የብሔራዊ ቡድኑን ጉዞ በቅርብ የሚያውቁ አንድ የቀድሞ የስፖርት አመራር። «እኛ መጀመሪያ የምናጠናው ማን ሜዳ ያውሰን የሚለውን ነው። የሚፈቅድልን እስኪገኝ ቪዛውም በረራውም ይጠብቃል። አሠልጣኙ የት እንደሚጫወት ሳያውቅ እንዴት ያቅዳል?»

ሜዳ እንደ ተጨማሪ ተጫዋች

ሜዳ ያለው አገር ምርጫውን እንደ ስልት ይጠቀምበታል። ቦሊቪያ ለዘመናት ከባሕር ወለል 3,600 ሜትር ከፍ ባለችው ላ ፓዝ ስትጫወት ኖራ፣ እ.ኤ.አ መስከረም 2024 ላይ ወደ 4,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ኤል አልቶ ወጣች፤ በመጀመሪያው ጨዋታ ቬንዙዌላን 4 ለ 0 ረታች። ኮሎምቢያ በተቃራኒው ደጋማ ዋና ከተማዋን ቦጎታን ትታ ለማጣሪያ የምትመርጠው በካሪቢያን ዳርቻ የምትገኘውን የባራንኪያን ሙቀት ነው። ናይጄሪያ በ2006 ዓ.ም ኅዳር ላይ ከእኛ ጋር ለነበራት የዓለም ዋንጫ መለያ የመልስ ጨዋታ ወበቃማዋን ካላባርን መረጠች፤ 2 ለ 0 ተሸነፍን፣ የብራዚል ሕልማችንም እዚያ አበቃ።

እኛም የራሳችን መሣሪያ ነበረን። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከባሕር ዳርቻ የሚመጣ ቡድን ከእረፍት በኋላ ሲያለከልክ ያላየ የድሮ ተመልካች የለም። ፊፋ እ.ኤ.አ በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ የማጣሪያ ጨዋታ አይደረግም ብሎ ነበር፤ በዓመቱ አነሣው። አዲስ አበባን ሳይነካ ነው የሄደው፤ ከዚያ ወሰን በታች ናት።

የትኛው ከተማ ይሻላል የሚለው ክርክር ግን አዲስ አበባ ላይ አይቆምም። ባሕር ዳርን የሚደግፉ ስለ ተመልካቹ ያወራሉ፤ ኮትዲቯር የወደቀችበትን ቀን ማንም አይረሳውም። ሀዋሳም በ2010 ማብቂያ ሴራሊዮንን 1 ለ 0 የረታንበት ሜዳ ነው። ድሬዳዋ ሙቀቷንና የ1968 ዓ.ም የአፍሪካ ዋንጫ ታሪኳን ታነሣለች። አንድ በርካታ ክለቦችን ያሠለጠኑ ባለሙያ ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ ሳቅ ብለው እንዲህ አሉ፦ «ከፍታ የሚጠቅመው ከፍታ ላይ ለሚኖር ተጫዋች ነው። የእኛ ልጆች ክለቦቻቸው እንኳ የራሳቸው ሜዳ የላቸውም።»

እውነት ነው። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የሚካሄደው ክለቦች በየከተማቸው እየተቀባበሉ ሳይሆን ሁሉም ለተወሰነ ጊዜ አንድ ከተማ ላይ ተሰባስበው፣ ከዚያም ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረው ነው። ለቴሌቪዥን ስርጭት አመቺ ሆኗል፣ ወጪም ቀንሷል፣ ደጋፊ ለደጋፊ ግጭትም ጋብ ብሏል። ነገር ግን የአርባ ምንጭ ደጋፊ ቡድኑን የሚያየው በስክሪን ነው፣ የወላይታ ድቻውም እንደዚያው። ብሔራዊ ቡድኑ ላይ የደረሰው በክለቦቹ ላይ ቀድሞ የተለመደ ነገር ነበር።



ጂንካ፣ የኳስ ቤት

ጂንካ ለሜዳ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። በከተማዋ መሃል ለብዙ ዓመታት የተዘረጋው የሣር አውሮፕላን ማረፊያ የከተማው ዋና ሜዳ ጭምር ነበር። አውሮፕላን በማይመጣበት ሰዓት ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ሁሉም ይነሣል። አዲሱ የባኮ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ወጣ ብሎ ከተሠራ ወዲህ የዚያ ዘመን ትዝታ የሽማግሌዎች ጨዋታ ሆኗል።

ማታ ብሔራዊ ቡድኑ ሲጫወት የከተማው ሰው ዲኤስቲቪ ባለበት ቤት ይሰበሰባል። የፕላስቲክ ወንበር ይደረደራል፣ የዘገየ ከኋላ ቆሞ ያያል። የአርሰናልና የማንቸስተር ደጋፊዎች ለአንድ ቀን ታርቀው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ስክሪኑ ላይ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም በባለሜዳው ቦታ፣ በግራ በኩል ሲጻፍ ከኋላ አንዱ «ይኸው በሜዳችን ነን!» ብሎ ይጮኻል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ካሜራው ዞር ሲል ወንበሮቹ ባዶ ናቸው።

ከዱስ የመጣውን ተማሪ ጨምሮ እዚያ ያሉ ወጣቶች ስለ ጉዳዩ የሚያስቡት ከአዲስ አበባው ደጋፊ ለየት ይላል። የአዲስ አበባው ሰው የነበረውን ነገር ነው ያጣው። የደቡብ ኦሞ ወጣት ግን ከመጀመሪያውም ብሔራዊ ቡድኑን ስታዲየም ገብቶ አይቶ አያውቅም። ለእሱ አዲስ አበባም ካዛብላንካም በስክሪን የሚታዩ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው «መቼ ወደ ቤት እንመለሳለን?» አይደለም።

«አዲስ አበባ ቢሠራ እኔ አልሄድም፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ገንዘቡም የለም» ይላል በከተማው መምህር የሆነ አንድ የኳስ አፍቃሪ። «ግን ልጆቼ ቲቪ ላይ የሞላ ስታዲየም ቢያዩ፣ ሰው ሲዘምር ቢሰሙ ሌላ ነው። ባዶ ወንበር እያየ የሚያድግ ልጅ ብሔራዊ ቡድኑን እንዴት ይወዳል?» አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ቀልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ «አርባ ምንጭ ላይ አንድ የሚረባ ስታዲየም ይሠራ፤ ከዚያ በኋላ እንኳን እኔ ቲቸርም አይቀርም።»

ደጋፊ ሜዳ እንደሚሠራ ያየነው በሰው አገር ጭምር ነው። በ2005 ዓ.ም ደቡብ አፍሪካ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ኔልስፕሩት ከተማ በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስታዲየሙን አጥለቅልቀው ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ሲወጡ ዋሊያዎቹ ባለሜዳ መስለው ነበር። ያ ግን በየጨዋታው አይደገምም። ስደተኛው የሚኖርበት ከተማና ሜዳ የሚያውሰን ከተማ ሁልጊዜ አይገጥሙም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሏል።

ጅምር የበዛባት አገር

ስታዲየም አጣን ስንል ኮንክሪት አጣን ማለታችን አይደለም። ከባሕር ዳር እስከ ሀዋሳ፣ ከመቐለ እስከ ነቀምት በየክልሉ ትልልቅ ስታዲየሞች ተሠርተዋል፣ ተጀምረዋልም። ብዙዎቹ ተመልካቻቸውን ሲያስደስቱ የኖሩ ናቸው፤ የቀራቸው ግን የገምጋሚው ዝርዝር ውስጥ ያለው ነው። በአዲስ አበባ የአደይ አበባ ብሔራዊ ስታዲየም ግንባታ በ2008 ዓ.ም ተጀምሮ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ ታስቦ ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ቢጠናቀቅም ሁለተኛው ለዓመታት ተጓተተ። ነባሩ አዲስ አበባ ስታዲየም ደግሞ እድሳት ገብቶ ቆየ።

የሚያስቀው፣ የሚያሳዝነውም፣ ነገሩ ሙሉ በሙሉ የማይቻል አለመሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ያለው አበበ ቢቂላ ስታዲየም ትንሽ ነው። የሴቶች ብሔራዊ ቡድኑ ሉሲዎቹ ግን በጥቅምት 2016 ናይጄሪያን በኦሊምፒክ ማጣሪያ ያስተናገዱት እዚያ ነበር፤ 1 ለ 1 ተለያዩ። ወንዶቹ ኮንጎን ዳሬ ሰላም ላይ «ካስተናገዱ» ከአምስት ቀን በኋላ፣ መስከረም 4 ቀን 2017 ዓ.ም፣ የዳሬ ሰላሙ ያንጋ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ለመግጠም አበበ ቢቂላ ገባ። አንድ ሳምንት ውስጥ እኛ ወደ እነሱ ሜዳ ሄድን፣ እነሱ ወደ እኛ መጡ። የብሔራዊ ቡድን መስፈርት ከክለብ ቅድመ ማጣሪያው ከበድ ስለሚል ነው ልዩነቱ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን የማይሻገሩት አይደለም።

በጥቅምት 2017፣ አቢጃን ላይ ጊኒን «ባስተናገድን» በሳምንቱ፣ የካፍ 46ኛ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። የአህጉሩ እግር ኳስ መሪዎች ሁሉ ተቀምጠው ለመምከር የተመቸች ከተማ 22 ተጫዋች ለማጫወት አልተመቸችም ነበር።

ጎረቤቶቻችን በዚህ መንገድ አልፈዋል። ኬንያ በ2016 ዓ.ም የራሷን የማጣሪያ ጨዋታዎች ይዛ ሊሎንግዌ ትሄድ ነበር፤ እኛ በሄድንበት ሜዳ። በዓመቱ፣ ነሐሴ 2017 ላይ፣ ካሳራኒ ስታዲየምን አድሳ ከታንዛንያና ከኡጋንዳ ጋር የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና (ቻን) ውድድርን አዘጋጀች፤ ሦስቱ አገሮች የእ.ኤ.አ 2027ን የአፍሪካ ዋንጫም በጋራ ያዘጋጃሉ። ሩዋንዳ አማሆሮ ስታዲየምን አፍርሳ ማለት በሚቻል ደረጃ አድሳ እ.ኤ.አ በ2024 ከፈተችው። አንዳቸውም ከእኛ የተለየ ምሥጢር አልነበራቸውም። ቀን ቆረጡ፣ አንድ ሜዳ መረጡ፣ ጨረሱ።

የእኛ ችግር ከሌላው ወገን ነው የመጣው። አንድ የመሠረተ ልማት ባለሙያ እንደሚያስረዱት ስታዲየም ሲጀመር ምርቃት አለው፣ ጥገና ግን ምርቃት የለውም። የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ባለሥልጣን ይመጣል፤ የመልበሻ ክፍል ቧንቧ ሲቀየር ማንም አይመጣም። ገምጋሚው ደግሞ የሚያየው ቧንቧውን ነው። ሣር በየሳምንቱ የሚያጭድና የሚያጠጣ ቋሚ ሠራተኛ፣ ጄኔሬተሩን በየወሩ የሚያስነሣ ቴክኒሻን፣ በጀት የተያዘለት የጥገና ክፍል በሌለበት ስታዲየሙ ስንት ሺህ ሰው እንደሚይዝ መናገር ዋጋ የለውም።

ለአንድ ሜዳ ዳኝነት

ስለዚህ የት እንጫወት የሚለው ክርክር፣ አዲስ አበባ ይሁን ባሕር ዳር፣ ሀዋሳ ይሁን ድሬዳዋ፣ ተገቢ ቢሆንም ቦታው አሁን አይደለም። መምረጥ የሚችለው ከአንድ በላይ ያለው ነው። ፌዴሬሽኑ፣ መንግሥትና ክልሎች መስማማት ያለባቸው በአንድ ነገር ነው፦ ለመጨረስ የቀረበውን አንድ ስታዲየም መርጦ፣ የገምጋሚውን ዝርዝር እንደ ውል ይዞ፣ ቀን ቆርጦ መጨረስ። ይህን ለማድረግ 60 ሺህ ወንበር አያስፈልግም፤ የሚሠራ ሻወር፣ የሚበራ መብራት፣ የለሰለሰ ሣር፣ ቁጥር ያለው መቀመጫና እነዚህን የሚጠብቅ ቋሚ በጀት ይበቃል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከዚያ በኋላ ይከተላሉ፤ ያኔ ለሙቀቱና ለከፍታው እየመረጥን እንጫወታለን፣ አንድ ቀንም ጨዋታው ወደ ደቡብ ይወርዳል።

ለአንባቢም የሚቀር ሥራ አለ። በከተማዎ አዲስ ስታዲየም ሊጀመር ነው ሲባል ስንት ሰው ይይዛል ብለው አይጠይቁ። መቼ ያልቃል፣ ካለቀ በኋላስ ለጥገናው በየዓመቱ ስንት ተይዟል ብለው ይጠይቁ። መልስ ካላገኙ ያ ስታዲየም የሚቀጥለውን የማጣሪያ ጨዋታ አያስተናግድም።